ከምሰሶው ጀርባ ያለው ወንበር

ውድ አንባቢያን፣ በዓለም ላይ ካሉ የድረ ገጽ ባለሙያዎች ሁሉ የሚበልጠው ሰው የሚሠራው አንድ ፎቅ ላይ፣ ከጥርስ ሐኪሙ ክፍል ቀጥሎ ባለችው ቢሮ ውስጥ ነበር። ይህን ያልኩት እኔ አይደለሁም፤ ራሱ ነው ያለው። ትክክለኛ ስሙን የሚጠራ ሰው ስለሌለ እኛም እንተወው። ባልደረቦቹ፣ ደንበኞቹ፣ ሌላው ቀርቶ የፎቁ ጥበቃ ጭምር የሚያውቁት "አለቀ ደቀቀ" በሚለው ቅጽል ስሙ ነው። ሥራ ሲሰጡት "አለቀ ደቀቀ!" ይላል። ሥራውን ሲጀምርም "አለቀ ደቀቀ!" ይላል። ሲጨርስ ምን እንደሚል ግን የሚያውቅ የለም፤ መጨረሱን ማን አይቶ!

ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋው የኮምፒውተር ስክሪን ስፋቱ ለጉድ ነው። ሳላጋንን ልንገራችሁና፣ በአንደኛው ጫፍ ፀሐይ ስትወጣ በሌላኛው ጫፍ ገና አልነጋም። የማውሱ ቀስት ከዳር እስከ ዳር ለመሻገር ስንቅ ያስፈልጋታል። ኢንተርኔቱ ከመብረቅ ይቀድማል። ድረ ገጽ የሚከፍትበት ብራውዘር ደግሞ ሁልጊዜ የዕለቱ ነው። "የትናንት ብራውዘር ቤቴ አያድርም" እያለ ይፎክራል።

ደንበኛ ሥራውን ሊረከብ ሲመጣ የሚያደርጋት ነገር አለችው። መጋረጃውን ይዘጋል። መብራቱን ያጠፋል። ደንበኛውን በዚያች በምትሽከረከረው ወንበር ላይ፣ ከስክሪኑ ፊት መሃል ለመሃል ያስቀምጠዋል። ከዚያ ጉሮሮውን ጠራርጎ አንዲት ቁልፍ ጠቅ ያደርጋል። ሥዕሎች ከግራና ከቀኝ እየተንሸራተቱ ይመጣሉ፤ ፊደሎቹ እንደ አበባ ይፈነዳሉ፤ የደንበኛው ልብ ቅቤ ይጠጣል፤ አጨብጭቦ፣ ፈርሞ ይሄዳል። "እስቲ በራሴ ስልክ ልየው" ያለ ደንበኛ ገና አልተፈጠረም።

በዚያ ቢሮ ውስጥ ይህን ደስታ የምታደፈርስበት አንዲት ሴት ብቻ ነበረች። የእሷ ሥራ የተሠራውን መፈተሽ ነው። "እንቅፋት" የሚለውን ቅጽል ስም ያወጣላት ራሱ አለቀ ደቀቀ ሲሆን፣ እሷም እንደ ማዕረግ ተቀብላዋለች። መሳቢያዋ የስልኮች መጦሪያ ነው፤ ስክሪኑ የተሰነጠቀ፣ ጀርባው በፕላስተር የታሰረ፣ ለመከፈት የሚያንገራግር፣ ሁሉም እዚያ አለ።

"አንተ፣ ይህን በሌላ ብራውዘር ከፍተህ አይተኸዋል?" ትለዋለች።

"እኔ ጋ ይሠራል።"

"በትንሽ ስልክስ?"

"እኔ ጋ ይሠራል አልኩሽ እኮ!"

"አንተ ጋማ እያየሁት ነው። ሰው ጋስ?"

"ሰው ከጊዜው ጋር ይራመዳ! እኔ ለሙዚየም ዕቃ ድረ ገጽ አልሠራም። ስልኩ ያረጀበት ስልኩን ይቀይር። የእኔን ሥራ ለማየት ትንሽ መልፋት አለበት።"

"ሰውዬው የሚመጣው ሥራህን ሊያደንቅ መሰለህ? ጉዳዩን ጨርሶ ሊሄድ ነው እኮ የሚመጣው!"

ጆሮ ዳባ ልበስ።

እንዲህ እንዳለ አንድ ቀን አጎቱ መጣ። አጎቱ ተዋናይም የቲያትር ቡድን መሪም ነው። ጢሙን ያላየ ሰው ግን አጎቱን አውቃለሁ ባይል ይሻለዋል። ያ ጢም ከባለቤቱ ቀድሞ በር ይገባል። ሁሉም ሰው ጋሼ የሚለው ይህ አጎት መድረክ ላይ ተቆጥቶ ጢሙ የተነሣ ዕለት ፊት ረድፍ ያሉ ሰዎች ኮፍያቸውን በሁለት እጅ ይይዛሉ፤ አላምንም የሚል ካለ ኮፍያቸው የበረረባቸውን ይጠይቅ። የዚያን ቀን ግን ጢሙ ዝናብ እንደመታው መጥረጊያ ወደ ታች ወርዷል።

"ጉድ ፈላብኝ፣ የእኔ ልጅ" አለ አጎቱ። "ባለ አዳራሹ ቤቱን ሶፋ ሊሸጥበት ነው። 'የቅዳሜው መክፈቻ አዳራሹን ከሞላልህ ኪራዩን አድስልሃለሁ፤ ካልሞላ እሁድ ሶፋዎቼ ይገባሉ' ብሎኛል። ከዚያ ቤት ከወጣሁ በኋላ የት እንደምቆም አላውቅም።"

"ጋሼ፣ በእኔ ይሁንብህ!" አለ አለቀ ደቀቀ ደረቱን መትቶ። "ድረ ገጽ እሠራልሃለሁ። ሰው ቤቱ ጋደም ብሎ ወንበሩን እየመረጠ ይይዛል። አለቀ ደቀቀ!"

"ትኬት የምንሸጥባት መስኮትስ?"

"ዝጋት! ጊዜ አልፎባታል። ሰልፉ፣ ግፊያው፣ የሻጯ ግልምጫ... ምን ያደርግልሃል?"

"ሻጯ እኮ ሚስቴ ናት።"

"እንግዲያውማ ይበልጥ ዝጋት!"

ድረ ገጹ ተሠራ። አጎትና አክስት በየተራ በምትሽከረከረው ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ መጋረጃው ተዘጋ፤ መብራቱ ጠፋ። በስክሪኑ ላይ "የዳኛው ሱሪ" የሚለው የኮሜዲው ርዕስ ወርቅ መስሎ ፈነዳ። ከሥሩ የጋሼ ፎቶ መጣ፤ ጢሙ ከስክሪኑ ጫፍ እስከ ጫፍ ተዘረጋ። ከጢሙ ሥር የአዳራሹ ወንበሮች በየረድፋቸው ተደርድረዋል፤ አንዱን ሲነኩት አረንጓዴ ሆኖ "ተይዟል" ይላል። አጎቱ እንባ ተናነቀው።

አክስቱ ግን በቀላሉ እንባ የሚተናነቃት ሴት አይደለችም። አንድ ጆሮዋ እምብዛም አይሰማም፤ ምላሷ ግን የሁለቱንም ጆሮ ሥራ ደርቦ ይሠራል። "ይሄ ነገር በኔ ስልክም እንዲህ ነው የሚታየው?" ብላ ጠየቀች።

"እንዴታ እትዬ! ከዚህም ያምራል እንጂ!" አላት ዓይኑን በጨው አጥቦ። የእሷን ስልክ አይቶትም አያውቅ።

የትኬቷ መስኮት ተዘጋችና የዳኛው ሱሪ፣ ካባና መዶሻ ማስቀመጫ ሆነች። በየግድግዳው ማስታወቂያ ተለጠፈ። ከድረ ገጹ አድራሻ በታች አለቀ ደቀቀ የራሱን ስልክ ቁጥር ጻፈበት፤ አድናቂ የሚደውልለት መስሎት ነው።

ተደወለለትም።

"ጤና ይስጥልኝ፣ ለቲያትሩ ወንበር ልይዝ ፈልጌ ነበር፤ ወንበሮቹ ግን አይታዩኝም።"

"እኔ ጋ ይሠራል" አለ አለቀ ደቀቀ።

"እኔ ጋ የሚታየኝ... ምን እንደሆነ እንጃ፣ ጥቁር ፀጉር ነገር ነው።"

"ስልክዎ አርጅቶ ነው። ይቀይሩት።"

ሌላዋም ደወለች። ሌላውም ደወለ። መልሱ አንድ ነበር። ኋላ ላይ ስልኩ ሲጠራ ቁጥሩን እያየ "ይኸው ደግሞ ሌላ የሙዚየም ዕቃ" ብሎ ድምፁን መዝጋት ጀመረ። ለአጎቱ ትንፍሽ አላለም። በነገራችን ላይ የአጎቱ ስልክ ከመደወል በቀር ሙያ የላትም፤ ስለዚህ ጋሼ የሚያውቀው ነገር ቢኖር የወንድሙ ልጅ በየማለዳው የሚነግረውን ብቻ ነበር። እሱም "ዛሬም ማንም አልያዘም" የሚል ነው። የተያዘችው ወንበር አንዲት ብቻ ነበረች፤ ፊት ረድፍ መሃል ለመሃል። የያዛትም አለቀ ደቀቀ ነው።

ባለ አዳራሹ ሰዎች ልኮ መድረኩን በሜትር ማስለካት ጀመረ። "እዚህ ጋ ባለ ሦስቱ ሶፋ፣ ዳኛው የሚቆምበት ላይ ደግሞ ቁም ሳጥን" እየተባባሉ፣ ተዋናዮቹ ልምምድ ላይ እያሉ በመሃላቸው ያልፋሉ። ጋሼ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ መስተዋቱ ፊት ተቀምጦ መቀስ በእጁ ይዞ ተገኘ።

"ሰው ረስቶኛል" አለ። "ጥሩ ነው፤ ሁሉም ነገር ጊዜ አለው። ቅዳሜ መጋረጃው እንደተዘጋ ይህን ጢም እላጨዋለሁ።"

ልብስ ሰፊዋ መርፌዋን ጣለች። መብራት የሚቆጣጠረው ሰው ደግሞ ግራ ገብቶት መብራቱን አጠፋው።

"ጋሼ፣ ጥፋቱ ያንተ አይደለም፤ ጥበብ የማይገባው ሕዝቡ ነው" አለ አለቀ ደቀቀ።

"ሕዝቡን ተወው። ሕዝብ ሲናፍቅህ ይመጣል። ካልመጣ አልናፈቅከውም ማለት ነው።" መቀሱን ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ይህን ሲል ድምፁ ውስጥ በአለቀ ደቀቀ ላይ ቁጣ አልነበረም። ቢቆጣው ይሻለው ነበር።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የመጨረሻው ልምምድ ሆነ። አለቀ ደቀቀ አጎቱን ሊያበረታታ መጥቶ በዚያችው በያዛት ወንበር፣ መሃል ለመሃል ተንደላቅቆ ተቀመጠ። ያ አዳራሽ በቀኝ በኩል ወገቡ ትልቅ ዛፍ የሚያህል ምሰሶ አለው። ሳላጋንን፣ ከጀርባው ሙሉ ሰርገኛ ከነሙዚቀኛው ቢደበቅ የሚያየው የለም። ከዚያ ምሰሶ ጀርባ ደግሞ አንዲት ወንበር አለች። ልምምድ ሊጀመር ሲል አጎቱ ሁልጊዜ ሚስቱን እዚያ ያስቀምጣታል፤ የቡድኑ ሁሉ ልማድ ነው።

"ክቡራንና ክቡራት፣ ሱሪዬን የወሰደው ሰው በዚህ ችሎት ውስጥ ነው!" አለ ዳኛውን የሚጫወተው ጋሼ ከመድረኩ።

"አይሰማም!" ከምሰሶው ጀርባ።

ጋሼ ድምፁን ከሆዱ አወጣና ደገመው።

"ተሰማ፤ ግን አይታይም! እግርህ ብቻ ነው የሚታየኝ፣ እሱም ሱሪ የለውም!"

ጋሼ ወደ ግራ ራመድ አለ፤ ፊቱን አዞረ፤ መብራቱን ትንሽ ወደ ጎን አስደረገ፤ እንደገና ጀመረ። "አሁን ያንተ መልክ መጣ!" እስክትል ድረስ ያችኑ አረፍተ ነገር እየመላለሰ ተናገራት።

አለቀ ደቀቀ ሳቁን ሊቆጣጠር አልቻለም። "ጋሼ፣ ለአንዲት ወንበር ይህን ያህል? እኔ ጋ እኮ ከመጀመሪያውም ግሩም ሆኖ ይታያል!"

"አንተ ጋማ ብተኛም እታያለሁ" አለ አጎቱ ከመድረኩ ሳይወርድ። "መሃል የተቀመጠ ሰው የእኔን ልፋት አይፈልግም። ከምሰሶው ጀርባ ያለው ግን እንደ አንተው ልብሱን ለብሶ፣ ቤቱን ቆልፎ፣ ልሳቅ ብሎ ነው የመጣው። እሱ ያላየኝ ቀን እኔ አልተጫወትኩም።"

አለቀ ደቀቀ ወንበሩ ላይ ተቁነጠነጠ። ወንበሯ ድንገት የጎረበጠችው መሰለው።

አክስቱ በዚህ መሃል ስልኳን አውጥታ ከምሰሶው ጀርባ ብቅ አለች። "እኔምለው፣ ይህችን ወንበሬን ሰው እንዳይወስድብኝ በስልክ ልያዛት ብዬ ነበር። ወንበር የታል? የባሌ ጢም ብቻ ነው ያለው። ወደ ላይ ስለው ጢም፣ ወደ ታች ስለው ጢም። ከጢም በኋላም ጢም ነው!"

"የእኔ ስልክ ላይ ደግሞ ወንበሮቹ አንዱ ባንዱ ላይ ተቆልለዋል" አለች ልብስ ሰፊዋ የራሷን አውጥታ። "ማን ላይ ነው የምቀመጠው?"

"እኔ ጋ ነጭ ነው" አለ መብራት ተቆጣጣሪው። "ምንም የለም። እኔማ ቲያትሩ የተሰረዘ መስሎኝ፣ ላጽናናችሁ ነበር የመጣሁት።"

አለቀ ደቀቀ ክው አለ። አፉ ግን ልማዱን አልተወምና ብቻውን ተከፈተ። "እኔ ጋ ይሠ..."

"አንተ ጋ ስንት ሰው ይገባል?" አለችው አክስቱ። "አዳራሹ አንተ ጋ ነው?"

የደወሉለት ሰዎች ድምፅ አንድ በአንድ ትዝ ይለው ጀመር፤ ያ "ጥቁር ፀጉር ነገር" ያለው ሰውዬ፣ ሁለቴ የደወለችው ሴትዮ፣ ድምፃቸውን የዘጋባቸው ሁሉ። ለካ ሕዝቡ ጋሼን አልረሳውም! በር ላይ ቆሞ ሲያንኳኳ፣ በሩን የያዘው እሱ ራሱ ኖሯል። አጎቱን ቀና ብሎ ማየት አቃተው። እግሬ አውጪኝ ብሎ ወደ ቢሮው በረረ። ሳላጋንን፣ ጥላው የደረሰችው ከእሱ በኋላ ነው።

"እንቅፋት! እትዬ እንቅፋት! አውጪኝ!"

"እትዬ ሆንኩ ዛሬ?" አለች ፈታሿ። ታሪኩን ሰምታ በሳቅ ከወንበሯ ልትወድቅ ደረሰችና ከዚያ ኮስተር አለች። "ስማ። ብራውዘር እንደ ሰው ነው፤ አንድ ቃል ብትናገር ሁሉም በየራሱ ነው የሚረዳው። አንተ ወንበሮቹን የደረደርክበት ዘዴ ገና ትናንት የወጣ ነው። ያንተ ብራውዘር ያውቀዋል፤ የሌላው ሰው ሰምቶትም አያውቅ፣ ስለዚህ ዘሎት ያልፋል። ፎቶውን ደግሞ ለአንተ ስክሪን ልክ ሰፍተኸዋል። ያን የሚያህል ጢም ትንሽ ስልክ ውስጥ ሲገባ የት ይሂድ?"

"ታዲያ ውበቱን ሁሉ ላጥፋው?"

"ማን አጥፋ አለህ? ሰውየው የመጣበትን ጉዳይ አስቀድም። የቲያትሩ ስም፣ ቀኑ፣ ወንበር መያዣው፤ እነዚህ በየትኛውም ብራውዘር፣ በየትኛውም ስልክ ይከፈቱ። ውበቱን ከላይ ደርብበት፤ የቻለው ያሳየው፣ ያልቻለው ይለፈው፣ ሥራው ግን አይቁም። ፎቶው እንደ ስክሪኑ ይጥበብ፣ ይስፋ። ከዚያ እነዚህን ሽማግሌዎች እንጠይቃቸዋለን" ብላ መሳቢያዋን ጎተተች።

አርብ ጠዋት ያ አዳራሽ ያየውን ትርኢት ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየውም። እንቅፋት ስልኮቿንና ቢሮው ውስጥ ያገኘቻቸውን ኮምፒውተሮች በሙሉ አምጥታ በየወንበሩ ላይ አስቀመጠች፤ በእያንዳንዱ ላይ የተለያየ ብራውዘር ተከፍቷል። አክስቱ ስልኳን ይዛ ከምሰሶው ጀርባ ቦታዋን ያዘች። አለቀ ደቀቀ መድረኩ ላይ፣ ዳኛው በሚቀመጥበት ጠረጴዛ ላይ ኮምፒውተሩን ዘርግቶ መጠገን ጀመረ።

"እዚህ ወንበሮቹ ተደራርበዋል!" እንቅፋት ከኋላ ረድፍ።

"ቆይ... አሁንስ?"

"ተለያዩ! እዚህኛው ላይ ግን የመያዣው ቁልፍ ሸሽቷል!"

"አይታይም!" አክስቱ።

"ጢሙን ላሳንሰው ነው!" ብሎ ጮኸ አለቀ ደቀቀ፤ አጎቱ ከመጋረጃው ጀርባ ይህን ሰምቶ ጢሙን በሁለት እጁ ጭምድድ አድርጎ ያዘ።

"እዚህ ነጭ ነው!"

"አሁንስ?"

"መጣ!"

"እትዬ፣ አንቺስ?"

አክስቱ ስልኳን አራቀችው፣ አቀረበችው፣ ደግማ አራቀችው። የጋሼ ፎቶ በልኩ ሆኖ ከላይ ተቀምጧል፤ ከሥሩ ወንበሮቹ ተደርድረዋል። በአመልካች ጣቷ አንዷን ነካች። አረንጓዴ ሆነች።

"ይታያል!" አለች። "ወንበሬን ያዝኩ!"

አለቀ ደቀቀ "አለቀ ደ..." ሊል አፉን ከፍቶ እንደገና ዘጋው። በምትኩ ስልኩን አነሣና የደወሉለትን ሰዎች እየፈለገ መልሶ ደወለ። "ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ጥፋቱ የስልክዎ አልነበረም። እስቲ አሁን ይሞክሩትና ምን እንደሚታይዎት ይንገሩኝ፤ እጠብቃለሁ።" የዳኛውንም ሱሪ ከትኬት መስኮቷ ውስጥ አወጣው። በስልክ መያዝ የማይሆንለት ሰው ይኖራልና መስኮቷ ተከፈተች፤ ከነግልምጫዋ።

ቅዳሜ መጣ። ልንገራችሁ እንጂ! ሰው ከአዳራሹ በር ጀምሮ እስከ አድማስ ተሰለፈ። ግድግዳዎቹ ትንሽ ጠጋ ጠጋ ብለው ቦታ ሰጡ። ባለ አዳራሹ ሜትሩን በኪሱ እንደያዘ ከነቤተሰቡ ደረሰና ወንበር አጣ፤ ቆሞ አየ፤ ጋሼ ሱሪውን ፍለጋ ችሎቱን ሲያተራምስ ከሳቁ ብዛት በሜትሩ እንባውን ጠረገ። ሲወጣ "ሶፋ የትም ይሸጣል" ማለቱን ከጎኑ የቆመ ሰው ሰምቷል። ጢሙም ዳነ።

ጭብጨባው ጋብ ሲል አጎቱ የወንድሙን ልጅ እጁን ይዞ መድረክ ላይ ጎተተው። "ይህን ሁሉ ሰው የጠራልን እሱ ነው" አለ።

አለቀ ደቀቀ ላብ በላብ ሆነ። ማጨብጨባቸው ሲብስ ደግሞ ይበልጥ ከበደው። አንገቱን ደፍቶ አንድ ነገር አጉተመተመ።

"አይሰማም!" ከምሰሶው ጀርባ።

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ጉሮሮውን ጠራርጎ ትንሽ ከፍ አደረገው።

"አይሰማም አልኩ!"

ቀና አለ። ወደ ግራ ራመድ ብሎ ፊቱን ወደ ምሰሶው አዞረ። "እንዳትገቡ የከለከልኳችሁ እኔ ነበርኩ!" አለ ከሆዱ። "እኔ ጋ ስለታየኝ ሁላችሁም ጋ የሚታይ መስሎኝ ነበር! ስትደውሉልኝ አልሰማኋችሁም! ጋሼ፣ ሰው አልረሳህም፤ በሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ!"

አጎቱ ጢሙን አንዴ ጠመዘዘና አቅፎ ያዘው።

"አሁን ተሰማ" አለች አክስቱ።

ውድ አንባቢያን፣ ዛሬ በዚያ ቢሮ መጋረጃው አይዘጋም። ደንበኛ ሲመጣ "የራስዎን ስልክ ያውጡ፣ ካለ የእናትዎንም ይዘው ይምጡ" ይባላል። ሰው ደውሎ "እኔ ጋ አይሠራም" ሲል ደግሞ አለቀ ደቀቀ እስክሪብቶውን አንሥቶ "ምን ይታይዎታል?" ይላል። ድረ ገጽ ብትሠሩ፣ ለሕዝብ የሚሆን ሌላ ነገርም ብትሠሩ፣ እባካችሁ መሃል ካለችው ወንበራችሁ ተነሡ። ዞራችሁ ከምሰሶው ጀርባ ተቀመጡና እዩት። እዚያ ያለችው አክስት "ይታያል!" ካላለች፣ እንኳን ሊደቅ ገና አላለቀም።